ብርድን ያለ ጥፋቱ አንክሰሰው

ሰሞኑን በየማኅበሩና በየቤተ ክርስቲያኑ ስብሰባ አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ሲነሳ እሰማለሁ። «አበባው በየዓመቱ በብርድ እየሞተ አስቸገረን፤ ነቅለን ጠጠር እናልብሰው፤ ካልሆነም ሲሚንቶ እናፍስበትና እንገላገል» የሚል ነው። ሐሳቡን የሚያቀርቡት ወገኖች ክፉ አሳቢዎች አይደሉም። የማኅበሩን ገንዘብ ለመቆጠብና ጣጣ ለመቀነስ የሚጥሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ይዘውት የመጡት ክስ የተሳሳተ ነው። ተከሳሹ ብርድ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ የሚወርደው በአትክልቱ ላይ ነው። እኔ በበኩሌ ተከሳሹም አልበደለ፣ ተቀጪውም አላጠፋ ብዬ ልሟገት ነው ብዕሬን ያነሳሁት። ጥፋተኛው ሌላ ነው፤ እሱንም ሳልጠራው አላልፍም።

ክርክሩ በአየር ላይ እንዳይቀር በአንድ አትክልት ላይ ላተኩር። በየአጥሩና በየበረንዳው ምሰሶ እየተጠማዘዘ ሲወጣ የምናየው፣ ሰፋፊ ሐምራዊ፣ ነጭ ወይም ቀይ አበባ የሚያወጣው ሐረግ ክሌማቲስ ይባላል። «በብርድ ሞተ» ተብሎ እንደ እሱ በተደጋጋሚ የሚነቀል አትክልት አላየሁም። ደግሞም ለእኛ ባዕድ አይደለም። በደጋው አገራችን በጫካ ዳርና በአጥር ላይ ተጠምጥሞ ነጭ አበባ የሚያወጣው፣ አበባው ሲረግፍ የተነደፈ ጥጥ የመሰለ ፍሬ የሚያንጠለጥለው የአዞ ሐረግ የዚሁ ወገን ነው። ከእነዚህ የአገራችን ዓይነቶች አንዱ በሳይንስ ስሙ ክሌማቲስ ሲሜንሲስ ሲባል፣ ስሙን ያገኘው ከስሜን ተራሮች ነው። ዝምድናውን ሰፋ አድርገን ከቆጠርን ደግሞ ዳቦአችን ላይ የምንነሰንሰው ጥቁር አዝሙድም ከዚሁ ቤተሰብ ይገባል።

እንግዲህ በዓለም ላይ ወደ 300 የሚጠጉ የክሌማቲስ ዓይነቶች አሉ። አንዳንዱ የሳይቤሪያን ብርድ የሚችል ሲሆን አንዳንዱ ደግሞ ትንሽ ውርጭ ሲነካው ቅጠሉ የሚጠቁር ቅምጥል ነው። «ክሌማቲስ ብርድ አይችልም» ብሎ መናገር «ሐበሻ ቆላ አይስማማውም» ብሎ እንደ መናገር ነው። የትኛው ሐበሻ? የመንዙ ወይስ የአፋሩ?

የመጀመሪያው ጥፋት እዚህ ላይ ነው። አባቶቻችን ያለ ካርታና ያለ ቴርሞሜትር አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ከፍለው፣ የትኛው እህል የት እንደሚዘራ ለይተው ያውቁ ነበር። በመንዝ አናት ላይ ቡና የሚተክል ገበሬ ተፈልጎ አይገኝም። የእነሱ ልጆች የሆንን እኛ ግን ችግኝ መሸጫ ገብተን የአበባውን ፎቶግራፍ አይተን፣ ዋጋውን ጠይቀን፣ «ይህ የየት አየር ነው?» ሳንል ገዝተን እንወጣለን። ከዚያ ሲሞት ብርዱን እንረግማለን።

ያለንበት አገር እኮ ይህንኑ የአባቶቻችንን ክፍፍል በቁጥር ጽፎ አስቀምጦልናል። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር አገሩን በ13 የብርድ ቀጠናዎች ከፍሎ ያወጣው ካርታ አለ፤ በ2023 ታድሷል። አንዱ ቀጠና ከሚቀጥለው በ10 ዲግሪ ፋራናይት ይለያል። የሚለካውም በ30 ዓመት ውስጥ በየዓመቱ የተመዘገበው ትልቁ ቅዝቃዜ ተደምሮ በሚገኘው አማካይ ነው። በዚህ ካርታ ዋሺንግተን ዲሲና አካባቢው በ7ኛውና በ8ኛው ቀጠና ሲወድቁ፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ደግሞ በ4ኛውና በ5ኛው ድንበር ላይ ይገኛሉ። በእንግሊዝ አገር ንጉሣዊው የአትክልት ማኅበር የራሱ መለኪያ አለው። ስዊድንም የራሷ 8 ቀጠናዎች አሏት፤ እዚያ ግን ቁጥሩ የሚሄደው በተገላቢጦሽ ስለሆነ 1 ቁጥር ለስላሳው፣ 8 ቁጥር ጽኑው ብርድ ነው። የአሜሪካን መጽሐፍ እያነበበ ስቶክሆልም ላይ የሚተክል ወንድም ይህን ልብ ይበል።

ወደ ሐረጉ ስንመለስ፣ ጃክማኒ የሚባለው ከ1860ዎቹ ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የታወቀው ባለ ሐምራዊ አበባ ክሌማቲስ በ4ኛው ቀጠና ሳይቀር ይኖራል። ቪቲሴላ የሚባለው ወገንም እንዲሁ ነው፤ ታንጉቲካና አልፒና የተባሉት ደግሞ ለብርድ ግድ የላቸውም። በአንጻሩ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፈው፣ ከቻይና የመጣው አርማንዲ ከ7ኛው ቀጠና ወዲያ ባለው ብርድ ተስፋ የለውም። ከሜዲትራኒያን ዳርቻ የመጣው ሲሮሳና ከኒው ዚላንድ የተገኙት ትንንሽ ዓይነቶችም ቅምጥሎች ናቸው። ስለዚህ አርማንዲን ሚኒያፖሊስ ላይ ተክሎ በብርድ ልብስ መጠቅለል ጥበቃ አይደለም፤ ከተፈጥሮ ጋር ክስ መግጠም ነው። እዚያ ላይ የሚሻለው ጥበቃ አለመትከል ነው።

ሻጮቹም ከወቀሳ አያመልጡም። ችግኙ ላይ የተንጠለጠለችው ትንሽ ወረቀት ብዙውን ጊዜ የቀጠናውን ቁጥር ትይዛለች፤ ነገር ግን ለብርድ አገር የማይሆነውን ችግኝ ከሚሆነው ጋር በአንድ መደርደሪያ ደርድሮ የሚሸጥ ነጋዴ ሞልቷል። እሱ የሚሸጠው አበባ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት የእሱ ጉዳይ አይደለም። የእኛ ግን ነው።

እርግጥ ነው፣ ቀጠናን አክብሮ የተከለም የሚጎዳበት ጊዜ አለ። በፌብሩዋሪ 2021 ዳላስ ከተማ ውስጥ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 19 ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ በዚያ የምትኖሩ ወገኖች ውኃና መብራት ተቋርጦ ምን እንዳያችሁ አትረሱትም። ያ ቅዝቃዜ ለ8ኛው ቀጠና ከሚጠበቀው እጅግ ያለፈ ነበር። አማካይ ማለት ወለል ማለት አይደለምና እንዲህ ያለ ሌሊት ይመጣል። ይህን አልክድም። ሆኖም ክርክሬን የሚያጠነክረው እንጂ የሚያፈርሰው አይደለም። ከእንዲህ ያለው ሌሊት በኋላ ከአፈር በላይ ያለው የክሌማቲስ ግንድ ቢቃጠልም በጥልቅ የተተከለው ከሥሩ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል፤ በላይ በላዩ የተተከለው ግን ይቀራል። ልዩነቱን የሚያመጣው የእኛ እጅ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ፕላስቲክ ነው። በየግቢው ኖቬምበር ሲገባ ሐረጉ በጥቁር የቆሻሻ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ወገቡ በገመድ ታስሮ፣ እንደ ሬሳ ቆሞ ታዩታላችሁ። የሠራው ሰው «ሸፍኜዋለሁ» ብሎ ተኝቷል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ፕላስቲክ ቅጠሉን ሲነካ ብርዱን ያስተላልፋል እንጂ አይከላከልም። ቀን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ይሞቃል፤ እምቡጡ «ብርዱ አለፈ» ብሎ ይነቃል፤ ሌሊት ደግሞ የነቃው እምቡጥ በውርጭ ይመታል። ላቡም ውስጡ ይቀርና ግንዱ ይበሰብሳል። በመጨረሻ ሲገለጥ ሞቶ ይገኛል፤ ብርዱም ይከሰሳል።

የውርጭን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ግልጽ ነው። በደጋ ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ረግቶ ባደረ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ደመና ካለ ግን ይተርፋል። ምክንያቱም መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትተፋዋለች፤ ደመና ይህን ሙቀት የሚይዝ ጣሪያ ነው። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ከተዳፋቱ ይልቅ ረባዳው ቀድሞ ይመታል። መሸፈኛ የሚጠቅመው ይህን ከመሬት የሚወጣ ሙቀት ሲይዝ ነው። አሮጌ አንሶላ፣ ጆንያ ወይም በችግኝ መሸጫ የሚገኘው ስስ ነጭ የአትክልት ጨርቅ እስከ መሬት ድረስ እንደ ድንኳን ይዘርጋ፤ ዳሩ በድንጋይ ይያዝ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይገለጥ። ወገቡ ላይ ታስሮ ከታች የተከፈተ መሸፈኛ ግን የመሬቱን ሙቀት በውጭ ትቶ ሐረጉን ብቻውን ያስረዋል።

ይህም የሌሊት መሸፈኛ በተለይ የሚያስፈልገው በጃንዋሪ አይደለም፤ በኤፕሪል ነው። ተኝቶ ያለ ክሌማቲስ ለቀጠናው የሚሆን እስከሆነ ድረስ ብርዱን ችሎ ያድራል። የሚጎዳው ለጋ ቀንበጥ ካወጣ በኋላ በሚመጣው ዘግይቶ የሚደርስ ውርጭ ነው። በኤፕሪል 2007 በፋሲካ ሰሞን በአሜሪካ ምሥራቅና መካከለኛ ክፍል የወረደው ውርጭ ያን ያህል ጉዳት ያደረሰው ማርች ሞቃት ሆኖ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ስላቆጠቆጠ ነበር። እኛ ግን በጃንዋሪ ጠቅልለን በኤፕሪል እንገልጣለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ እንዲያውም የእኛ የባሰ ነው፤ ጅቡ ሊመጣ ሲል ነው ውሻውን የምናስረው።

ሦስተኛው ጥፋት በሥሩ ላይ የሚደርሰው ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው ቅጠሉንና አበባውን ስለሆነ የሚሸፍነውም እሱኑ ነው። የክሌማቲስ ነፍስ ግን ያለው ከአፈር በታች ነው። ሰፋፊ አበባ ያላቸው ዓይነቶች ሲተከሉ በዕቃው ውስጥ ከነበሩበት ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጠልቀው መግባት አለባቸው፤ ቅጠላቸው የማይረግፈው ግን በነበሩበት ልክ ይተከሉ። መሬቱ ውኃ የሚያቁር ከሆነ በቅድሚያ ይስተካከል፤ ብዙ ጊዜ በብርድ ወራት ሥርን የሚገድለው ከቅዝቃዜው ይልቅ የቆመ ውኃ ነውና። መሬቱ አንዴ ከረጋ በኋላ በግንዱ ዙሪያ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ብስባሽ፣ ቅጠል ወይም ገለባ ይደልደል፤ ግንዱን ግን አይንካ። ዓላማው መሬቱን ማሞቅ አይደለም፤ ቀን እየቀለጠ ሌሊት እየረጋ ሥሩን ወደ ላይ እየገፋ እንዳያወጣው በአንድ ሁኔታ ማቆየት ነው። መኸሩ ደረቅ ከሆነ ደግሞ መሬቱ ከመርጋቱ በፊት ደኅና ውኃ ይጠጣ። ቅጠሉ የማይረግፍ ዓይነት በረጋ መሬት ላይ ቆሞ ነፋስ ሲመታው የሚሞተው በጥም ነው።

እዚህ ላይ ስለ በረዶ አንድ ቃል ልጨምር። የወደቀ በረዶ ራሱ ብርድ ልብስ ነውና ከሐረጉ ሥር አትጥረጉት። ነገር ግን እሑድ ጠዋት ምእመናን እንዳይንሸራተቱ መተላለፊያው ላይ ጨው ይበተንና፣ ያ ጨው የጠገበ በረዶ በአካፋ ተዝቆ የሚከመረው የት ነው? አበባው መደብ ላይ! ከዚያ በሜይ ወር «ብርዱ ፈጀው» ይባላል። ለመሆኑ ጨው የተዘራበት መሬት ምን ያበቅላል?

በአፓርታማ የምትኖሩና በሸክላ የተከላችሁም አላችሁ። በሸክላ ያለ ሥር በአራቱም ጎን ለብርድ የተጋለጠ ስለሆነ መሬት ላይ ካለው ይልቅ ቶሎ ይጎዳል። ስለዚህ ከቀጠናችሁ ሁለት ደረጃ የሚበልጥ ብርድ የሚችል ዓይነት ምረጡ፤ የምትጠቀልሉትም ሐረጉን ሳይሆን ሸክላውን ይሁን። ሙቀት የሌለው ጋራዥ ካለ እዚያ ይግባ፤ አፈሩ አቧራ እስኪሆን እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ ትንሽ ውኃ ይቅመስ። እንግዳ መቀበያ ክፍል ከማሞቂያው አጠገብ ማስገባት ግን ርኅራኄ ይመስላል እንጂ አይደለም። ለብርድ አገር የተፈጠረ ሐረግ እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ በጃንዋሪ የቀሰቀሳችሁት በማርች ይደክማል።

አራተኛው ጥፋት መቀስ ነው። ብዙዎቻችን ሣር የሚያጭዱ ሠራተኞች እንቀጥራለን። እነሱም በኦክቶበር ይመጡና ግቢውን «ለማጽዳት» ያገኙትን ሁሉ ከመሬት ይቆርጣሉ። በበጋው አጋማሽ የሚያብበው እንደ ጃክማኒና ቪቲሴላ ያለው ዓይነት በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሚያብብ በፌብሩዋሪ ወይም በማርች ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ቢቆረጥ ይወዳል። በኤፕሪልና በሜይ የሚያብቡት እንደ አልፒና፣ ሞንታናና አርማንዲ ያሉት ግን እምቡጣቸውን የሚይዙት ባለፈው ዓመት ግንድ ላይ ነው። በኦክቶበር የተቆረጠባቸው አበባቸውን አብረው አጡ። ስለዚህ መቀስ ከመነሳቱ በፊት ሐረጉ መቼ እንደሚያብብ ይጠየቅ። ጓንትም ይደረግ፤ የክሌማቲስ ፈሳሽ ቆዳ ያቃጥላል።

አምስተኛውና ከሁሉ የከፋው ጥፋት ችኮላ ነው። የክሌማቲስ ግንድ በብርድ ወራት ሲታይ የደረቀ ጭራሮ ይመስላል፤ ሕይወት ያለውም የሌለውም አንድ ነው። እኔ በማውቀው አንድ የማኅበር ግቢ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ 9 ዓመት የኖረ ሐረግ በማርች መጨረሻ «ደርቋል» ተብሎ በዶማ ተነቀለ። ሥሩ ሲወጣ ከአፈሩ በታች በነበረው አንገቱ ላይ ነጫጭ እምቡጦች ተደርድረውበት ነበር። ውሳኔውን ያስተላለፈው ኮሚቴ አንድም ሰው ወርዶ አፈሩን በጣቱ አልጫረም። ሐረጉን የተከሉት እናት በስብሰባው ላይ አልተጠየቁም። መጥተው ሲያዩት «ልጆቼ፣ እኛ አገር ውርጭ የመታውን ጌሾ ማን ይነቅለዋል? ይጠበቃል እንጂ» አሉና ሌላ ሳይናገሩ ገቡ። በዚያ ዓመት እሳቸውን በግቢው ሲሠሩ ያየ የለም።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። «ለስደተኛ አበባ ምኑ ነው? ኪራይና የልጆች ትምህርት ያስጨነቀን ሰዎች ነን» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። ጭንቀቱ እውነት ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ያ አበባ የማን እንደሆነ እንወቅ። ልጅ ሊያሳድጉልን፣ ሊጦሩም ከአገር ቤት ያመጣናቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን ቋንቋው አልገባ፣ መኪና አይነዱ፣ የሚሄዱበት የለ፣ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ በማኅበሩ ግቢ አፈር ሲነኩ ግን እጃቸው የሚያውቀውን ያገኛል። እኛ ከካርታ የምናነበውን ውርጭ እነሱ በእግራቸው ረግጠውታል፤ የትኛው ሌሊት እንደሚያሰጋ ሰማዩን አይተው ይነግሩናል። በጠጠር የምንሞላው መደብ የእነሱ ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ «አባባ ለምን ዝም አሉ፣ እማማ ለምን አዘኑ» ብለን ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት እንዞራለን።

«ነገ ወደ አገራችን ስለምንገባ እዚህ ሥር ያለው ነገር መትከል አያሻም» የሚሉም አሉ። ይህን ከሰማሁ ዘመን ተቆጠረ። ተናጋሪዎቹ ልጆቻቸውን እዚሁ ድረዋል። ክሌማቲስ ተተክሎ ሙሉ ጉልበቱን ለማሳየት ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል። «ነገ እንገባለን» ስንል ስንት ሦስት ዓመት እንዳለፈን እያንዳንዱ በቤቱ ይቁጠረው። አገር መግባት መልካም ነው፤ የሚገባ ሰው ግን ለቀሪው ጠጠር ከሚተው ሐረግ ቢተው ምን ይጎድልበታል?

ስለዚህ ለየኮሚቴው የማቀርበው ልመና ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ለግቢው አንድ ኃላፊና ከእሱ ጋር አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ይመደቡ። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ሐረግ ስም፣ የሚያብብበት ወርና የሚቆረጥበት ጊዜ በአማርኛ ተጽፎ መሣሪያ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ ሣር አጫጁም ይነገረው። ሦስተኛ፣ ከሰመር አጋማሽ በኋላ ማዳበሪያ አይሰጥ፤ በመኸር የሚወጣው ለጋ ቀንበጥ የመጀመሪያው የውርጭ ቀለብ ነውና። አራተኛ፣ ጨው ያለበት በረዶ መደቡ ላይ እንዳይከመር ይከልከል። አምስተኛ፣ ጥቁሩ ፕላስቲክ ወደ ተገዛበት ሥራው፣ ወደ ቆሻሻው ይመለስ፤ በምትኩ ከየቤቱ አንዳንድ አሮጌ አንሶላ ይሰብሰብ። ይህ ሁሉ ከአንድ ጭነት ጠጠር ዋጋ አይበልጥም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ሐረጉ ካልበቀለ ክሱ ይቅረብ፤ ያን ጊዜ እኔም እመሰክራለሁ። እስከዚያ ግን ማንም ሰው «ሞተ» ብሎ ከመፍረዱ በፊት ግንዱን በጥፍሩ ጫር አድርጎ አረንጓዴ እንዳለ ይመልከት፤ ባይኖርም አፈሩን ገለጥ አድርጎ ይይ፤ ምንም ባያይም ዶማውን አስቀምጦ እስከ ጁን ይጠብቅ። የጠጠሩም ድምፅ አሰጣጥ እንዲሁ እስከ ጁን ይቆይ።